ሁለት ዛፍ የወጣው ሰው፦ ኢያን ባርቦር በፊዚክስና በነገረ መለኮት መካከል

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የአገራችን ሰው። ምክሩ ለነጋዴም፣ ለተማሪም፣ ለሹመት ፈላጊም ሲያገለግል ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ግን ምክሩን ስላልሰማ፣ ሁለቱም ዛፍ ላይ ወጥቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ስለቆየ ሰው ነው።

ዘመኑ 1953 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢያን ባርቦር በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በሚገኘው ካላማዙ ኮሌጅ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ተቀብሏል፤ እዚያም የአቶም ዘመንን ከከፈቱት ሳይንቲስቶች አንዱ ለሆነው ለኤንሪኮ ፌርሚ ረዳት አስተማሪ ሆኖ ሠርቷል። በኮስሚክ ጨረር ላይ ያደረገው ምርምር በታወቀ የፊዚክስ መጽሔት ታትሞለታል። ለአንድ ወጣት ሳይንቲስት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ዓመት ከፎርድ ፋውንዴሽን የጥናት ድጋፍ አገኘ። ድጋፉን ይዞ የሄደው ግን ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ አልነበረም። ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ለቅስና ከሚዘጋጁ ወጣቶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሀ ብሎ ጀመረ። ዕቅዱ ለአንድ ዓመት ነበር። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፤ በ1956 በነገረ መለኮት ዲግሪውን ተቀበለ። ወደ ቀድሞው መንገዱም አልተመለሰም።

በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድግ ሰው የባርቦር ጉዳይ ሩቅ አይደለም። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስለ ፍጥረት የተማረ ልጅ፣ ሰኞ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ሌላ ታሪክ ይሰማል። ማታ እራት ላይ «እማዬ፣ የቱ ነው እውነቱ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶቻችን የትምህርት ቤቱን መምህር እንነቅፋለን፤ አንዳንዶቻችን የሰንበት ትምህርት ቤቱን። የቀረነው «ስታድግ ይገባሃል» ብለን ወጡን እናቀርባለን። ባርቦር ዕድሜውን የሰጠው «የቱ ነው እውነቱ» ከሚለው ለሚቀድም ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው? የሚጣሉት የት ቦታ ላይ ነው? ሰውየው ሳይንስንና ሃይማኖትን አላስታረቀም፤ አስታርቄያለሁም አላለም። ያደረገው የጠቡን ካርታ መሣል ነው። ካርታውን ለመሣል ደግሞ ሁለቱንም አገር በእግሩ መርገጥ ነበረበት።

የጂኦሎጂስቱ ልጅ

ባርቦር የተወለደው ጥቅምት 5 ቀን 1923 በቻይና፣ ቤጂንግ ውስጥ ነው። አባቱ ጆርጅ ባርቦር የስኮትላንድ ተወላጅ፣ የፕሬስቢቴሪያን አማኝና ጂኦሎጂስት ሲሆን፣ በሚስዮናውያን በተቋቋመው የንቺንግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እናቱ አሜሪካዊት፣ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረች። በዚህ ቤት የምድርን ዕድሜ በድንጋይ ንብርብር የሚቆጥረውና ማታ ጸሎት የሚያደርሰው ያው አንድ ሰው ነበር።

ጆርጅ ባርቦር በቻይና አብሮት በመስክ ይሠራ የነበረ አንድ ታዋቂ ባልደረባ ነበረው፤ ፈረንሳዊው ቴያር ደ ሻርደን። ቴያር የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነው። አዝጋሚ ለውጥን ከክርስትና ጋር አዋሕዶ ለማየት ብዙ ጽፏል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ግን በሕይወት ሳለ ዋና ሥራዎቹን እንዲያሳትም አልፈቀዱለትም። በሚያዝያ 1955 ካረፈ በኋላ በዚያው ዓመት «የሰው ክስተት» የተባለው መጽሐፉ ለሕትመት በቃ። የኢያን አባትም በ1965 ከቴያር ጋር በመስክ ስላሳለፋቸው ዓመታት መጽሐፍ ጻፈ። ሁለቱን ዕውቀቶች አንድ ላይ መያዝ ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ምሳሌ ለኢያን ከመጻሕፍት በፊት ከአባቱ ባልደረቦች መካከል ነበረለት ማለት ነው።

ጦርነት ያልሄደው የፊዚክስ ተማሪ

ቤተሰቡ ከቻይና ከወጣ በኋላ ኢያን በእንግሊዝና በአሜሪካ ተማረ። በ1943 ኩዌከሮች ከመሠረቱት ከስዋርትሞር ኮሌጅ በፊዚክስ ተመረቀ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነበር፤ የፊዚክስ ዲግሪ ያለው ወጣት ደግሞ ለጦርነቱ ያስፈልግ ነበር። ባርቦር ግን «ሕሊናዬ ሰው መግደልን አይፈቅድም» ከሚሉት ጋር ተሰለፈ። የአሜሪካ ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ከውትድርና ይልቅ ደመወዝ የሌለው የሲቪል አገልግሎት ፈቅዶ ነበር። ባርቦር ሦስት ዓመት አገለገለ፤ በኦሪገን ግዛት የደን ቃጠሎ ሲያጠፋ፣ በሰሜን ካሮላይና ደግሞ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲሠራ ቆየ።

ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። በታኅሣሥ 1942 ፌርሚና ባልደረቦቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የመጀመሪያውን ቁጥጥር ያለው የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት አካሂደው ነበር። ባርቦር በኦሪገን ጫካ አካፋ ይዞ እሳት በሚያጠፋባቸው ዓመታት ፌርሚ በቦምቡ ሥራ ውስጥ ነበር። ነሐሴ 1945 ላይ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ነደዱ። ባርቦር በ1946 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን አግኝቶ፣ ለዶክትሬቱ ወደ ቺካጎ ሄደ። ሰው አልገድልም ብሎ ጦርነቱን ያሳለፈው ወጣት ከቦምቡ አባቶች አንዱን ክፍል ውስጥ ሊረዳ ቆመ።

ይህን የማነሣው ባርቦርን ጻድቅ፣ ፌርሚን ኃጢአተኛ ለማድረግ አይደለም። በዚያ ዘመን ፊዚክስን የተማረ ሰው «ሳይንስ ምን ያውቃል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ያወቀውን ምን ያደርግበታል?» የሚለውን አብሮ ይዞ መውጣቱ የማይቀር ስለነበር ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ቺካጎ መልስ ነበራት። ሁለተኛው ግን በፊዚክስ ክፍል የሚያስተምረው አልነበረም።

ግማሽ ፊዚክስ፣ ግማሽ ሃይማኖት

በ1955 በሚኒሶታ ግዛት፣ ኖርዝፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ካርልተን ኮሌጅ ባርቦርን ቀጠረው። የሥራ ድልድሉ ለጊዜው እንግዳ ነበር፤ ግማሹን ጊዜ ፊዚክስ፣ ግማሹን ጊዜ ሃይማኖት ያስተምራል። በኮሌጁ ራሱን የቻለ የሃይማኖት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱም እርሱ ሆነ። እስከ 1986 እዚያው አስተማረ።

ምርጫው ዋጋ ነበረው። የሙከራ ፊዚክስ ቆሞ የሚጠብቅ ሙያ አይደለም፤ ከፊት መሥመር የወጣ ሰው ተመልሶ አይደርስበትም። ባርቦር በፊዚክስ ተመራማሪነት ስሙን ሊያስጠራበት የሚችለውን ዕድሜ ለሌላ ነገር ሰጠ። በሌላ በኩል ቄስ አልሆነም። ከእርሱ በኋላ በዚሁ መስክ የታወቁት ሁለቱ እንግሊዛውያን፣ የባዮኬሚስትሪው ሰው አርተር ፒኮክና የካምብሪጁ የፊዚክስ ሊቅ ጆን ፖልኪንግሆርን፣ ሁለቱም የአንግሊካን ቅስና ተቀብለዋል። ባርቦር እስከ መጨረሻው ምእመን ሆኖ ቀረ። አስተማሪ ነበር፤ የጻፋቸው መጻሕፍትም የአስተማሪ መጻሕፍት ናቸው። ተቃራኒ ሐሳቦችን በየተራ ያሰልፋል፤ የእያንዳንዱን ጥንካሬ ሳይሰስት ይናገራል፤ የራሱን አስተያየት በመጨረሻ ያስከትላል። ለአንዳንድ አንባቢ ይህ አካሄድ ይሰለቻል። ለተማሪ ግን ትልቅ ስጦታ ነው።

በ1966 የታተመው «የሳይንስና የሃይማኖት ጉዳዮች» የተባለው መጽሐፉ ከዚህ የማስተማር ልምድ የወጣ ነው። ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛው ዓለም በጉዳዩ ላይ ስማቸው የገነነው ሁለት መጻሕፍት ነበሩ፤ የጆን ድሬፐር (1874) እና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው የአንድሩ ዋይት (1896)። ሁለቱም ታሪኩን የጦርነት ታሪክ አድርገው ጻፉት፤ ባንድ ወገን ብርሃን፣ በሌላው ወገን ጨለማ። ባርቦር ጉዳዩን በሦስት ከፈለው፦ የታሪክ፣ የአጠናን ዘዴና የንድፈ ሐሳብ። ጋሊሊዮ ላይ የደረሰው ነገር የታሪክ ጥያቄ ነው። ሳይንቲስትና አማኝ አንድን ነገር «አውቃለሁ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው የሚለው የዘዴ ጥያቄ ነው። አዝጋሚ ለውጥ ስለ ሰው ምን ይነግረናል የሚለው ደግሞ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ የሚከራከር ሰው ማንን እያሸነፈ እንደሆነ ራሱም አያውቅም። በዚያው በ1966 «ዛይገን» የተባለው የሳይንስና የሃይማኖት መጽሔት ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆነ።

ከቁም ነገር፣ ግን ቃል በቃል ሳይሆን

ከባርቦር ሐሳቦች ሁሉ ለእኔ ጠለቅ ያለው በ1974 «ተረክ፣ ሞዴልና ፓራዳይም» በተባለው መጽሐፉ ያብራራው ነው። ፈላስፎች ሂሳዊ እውነታዊነት ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው።

አንድ የፊዚክስ መምህር ጋዝ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ በሣጥን ውስጥ እርስ በርሳቸውና ከግድግዳው ጋር የሚጋጩ ጥቃቅን ኳሶችን አስቡ ይላል። ኳሶቹ ምን ዓይነት ቀለም አላቸው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ነገሩ አልገባውም። «እንግዲያው ኳስ የሚባል ነገር የለም፣ መምህሩ የፈጠረው ተረት ነው» የሚልም አልገባውም፤ ምክንያቱም በዚያ ምስል ተነሥቶ የጋዙን ግፊት ማስላት ይቻላል፣ ስሌቱም በሙከራ ይረጋገጣል። ምስሉ የእውነታው ፎቶግራፍ አይደለም። ዝም ብሎ የተፈጠረ ማታለያም አይደለም። ስለ አንድ ያለ ነገር፣ በከፊል፣ በምሳሌ ይናገራል። ብርሃን አንዳንዴ እንደ ማዕበል፣ አንዳንዴ እንደ ቅንጣት ሆኖ መታየቱ ለፊዚክስ ሰዎች ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ምስሎች ያስፈልጋሉ፣ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም።

ባርቦር እንዳለው የሃይማኖት ቋንቋም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ባሕርይ አለው። እግዚአብሔር ንጉሥ ነው፣ እረኛ ነው፣ አባት ነው ሲባል እያንዳንዱ አባባል አንድ ነገር ይገልጣል፣ አንድ ነገር ይሸፍናል። የቅኔ ጆሮ ያለው ኢትዮጵያዊ «ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» ሊል ይችላል። ይቀራረባል፤ ግን አንድ ልዩነት አለ። በቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙን ትቶ ወርቁን በተራ ቃል መናገር ይቻላል። በባርቦር አስተሳሰብ ግን ከሞዴሉ በስተጀርባ ያለውን ነገር ያለ ምንም ሞዴል መናገር አይቻልም፤ በሳይንስም በሃይማኖትም። የሚቻለው ሞዴሎችን እርስ በርስ ማስተያየት፣ ማረምና ማሻሻል ብቻ ነው።

ልዩነቱንም አልደበቀም። የጋዝ ኳሶች ማንንም ለንስሐ አይጠሩም፤ የእረኛ ምሳሌ ግን የሰሚውን ሕይወት ይጠይቃል። የሳይንስን ሞዴል ማንም በየትም አገር በመሣሪያ ሊፈትነው ይችላል፤ የሃይማኖትን ሞዴል የሚፈትነው አንድ ማኅበረሰብ በብዙ ትውልድ ያካበተው ኑሮ ነው፤ ይህም የፈተናውን ውጤት ያደበዝዘዋል። ባርቦር ተመሳሳይነቱን ብቻ ነግሮን ቢያልፍ ኖሮ ጠበቃ ይሆን ነበር። ልዩነቱንም መጻፉ ነው ምሁር ያደረገው።

አራቱ መንገዶች

ስሙን በሰፊው ያስጠራው ግን በ1990 የወጣው «ሃይማኖት በሳይንስ ዘመን» ነው። መጽሐፉ የተወለደው ከ1989 እስከ 1991 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ፣ ከሰጣቸው የጊፎርድ ንግግሮች ነው። ለዚህ ጥሪ መብቃት በመስኩ ትልቅ ክብር ነው፤ ለባርቦር ደግሞ ወደ አባቱ አገር መመለስም ነበር። እዚያ ሳይንስና ሃይማኖት የሚገናኙባቸውን መንገዶች በአራት መደባቸው፦ ግጭት፣ ተነጥሎ መኖር፣ ውይይትና ውህደት።

ግጭት የሚነሣው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሜዳ ላይ ነን ብለው ሲያምኑ ነው። ከቁስ በቀር ምንም የለም የሚለው ሰውና ቅዱስ መጽሐፍን እንደ ሳይንስ መማሪያ የሚያነበው ሰው ባላንጣ ይመስላሉ እንጂ በዚህ አንድ ነጥብ ይስማማሉ፤ አንዱ ከገባ ሌላው መውጣት አለበት። በ1981 የአርካንሳስ ግዛት አዝጋሚ ለውጥ በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች «የፍጥረት ሳይንስ» እኩል እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። ሕጉን ፍርድ ቤት ያቆሙት ሰዎች እምነት የለሾች ይመስሉን ይሆናል። ከከሳሾቹ መካከል የሜቶዲስት፣ የኤፒስኮፓልና የካቶሊክ ጳጳሳት ነበሩ፤ መዝገቡ የተጠራውም በአንድ የሜቶዲስት ቄስ ስም ነው። ጥር 5 ቀን 1982 ዳኛው ሕጉን ሻሩት። የጦርነቱን ታሪክ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጳጳሳቱ በዚያ ወገን ምን ይሠሩ እንደነበር ሊገባው አይችልም።

ተነጥሎ መኖር ሁለተኛው መንገድ ነው። ሳይንስ «እንዴት» ይጠይቃል፣ ሃይማኖት «ለምን»፤ ድንበር ይከበር፣ ጠብ ይቅር። የቅሪተ አካል ሊቁ ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1997 ይህንን ሐሳብ በሰፊው አስተዋወቀው። ባርቦር ሰላሙን ያደንቃል፤ ግን አይረካበትም። ሰው ሕይወቱን የሚኖረው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ራሱ ነው። በቤተ ሙከራ የሚያስበው ሰውና በቤተ ክርስቲያን የሚጸልየው ሰው ፈጽሞ የማይነጋገሩ ከሆነ አንዱ ቀስ በቀስ መድከሙ አይቀርም።

ውይይት ሦስተኛው ነው። ሳይንስ ራሱ የሚያነሣቸው፣ በራሱ መሣሪያ ግን የማይመልሳቸው የድንበር ጥያቄዎች አሉ፤ ለምሳሌ ዓለም ለሰው አእምሮ የሚገባ ሥርዓት እንዴት ኖራት? እዚህ ላይ ሁለቱ ሊነጋገሩ ይችላሉ። አራተኛው፣ ውህደት፣ ከዚህም አልፎ አንድ የጋራ የዓለም ምስል ይፈልጋል። አደገኛውም ይህ ነው።

አደጋውን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ዓለማችን ከአንድ ጅማሬ ተነሥታ እየተስፋፋች ነው የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ የቤልጂጉ የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር ነበር፤ እርሱም ካህን ነው። በኅዳር 1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህ ሳይንስ የፈጣሪን ሥራ የሚመሰክር አድርገው ንግግር አሰሙ። ካህኑ ሊቅ መደሰት ሲገባው ተጨነቀ። የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ እምነትን በእርሱ ላይ ያቆመ ሰው ያን ጊዜ ምን ይላል? በማግስቱ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሮም ለተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሰዎች ሲናገሩ ያንን አባባል አልደገሙትም። ለመዋሐድ የሚደረግ ጥድፊያ የሚጎዳው ሳይንስን ብቻ አይደለም።

ካርታውን በእኛም ቤት መሞከር ይቻላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የፀሐይንና የጨረቃን ኡደት ቆጥሮ፣ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ፣ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ይናገራል። ይህ የሰማይ ስሌት ለዘመናት የኖረው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የጦርነቱ ታሪክ ለእኛ በልክ የተሰፋ አይደለም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሆኖ የሚነበበው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች ወጥታ በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች እንደምትገባ ይናገራል። በሥነ ፈለክ የተመረቀ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ግጭት ነው ብሎ አንዱን ሊጥል ይችላል። ስሌቱ ሌላ፣ ትርጓሜው ሌላ ብሎ ሊለያያቸው ይችላል። ወይም ደጆቹን ባርቦር እንደሚለው ከቁም ነገር ግን ቃል በቃል ሳይሆን ሊያነባቸው፣ የጥንቱ ሰው የወቅቶችን ሥርዓት በምን ምስል እንደያዘ ሊጠይቅ ይችላል። ባርቦር ምርጫውን አያደርግለትም። ምርጫ እንዳለ ግን ያሳየዋል።

ካርታው ላይ የተነሣ ወቀሳ

ካርታው አልተተወለትም። የታሪክ ተመራማሪው ጆን ሄድሊ ብሩክ በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ሳይንስ» እና «ሃይማኖት» በየዘመኑ ትርጉማቸው የሚለዋወጥ ስለሆነ የሁለቱን ግንኙነት በአንድ ቀመር ማሠር እንደማይቻል አሳየ። በ2001 ጄፍሪ ካንተርና ክሪስ ኬኒ በዛይገን መጽሔት የባርቦርን አራት መደቦች በቀጥታ ተቹ፤ እውነተኛ ሰዎች በአራቱ ሣጥኖች ልክ አይኖሩም የሚል ነበር ነገሩ። ባርቦር በቀጣዩ ዓመት በዚያው መጽሔት መልስ ሰጠ።

ሌላም ወቀሳ አለ። አራቱ መንገዶች ከግጭት ተነሥተው ወደ ውህደት ሲደረደሩ መሰላል ይመስላሉ፤ ካርታ ሠሪው ደግሞ የቆመው ላይኛው እርከን አጠገብ ነው። ባርቦር ከሒሳብ ወደ ፍልስፍና ወደመጣው ወደ አልፍሬድ ዋይትሄድ አስተሳሰብ ያዘነብል ነበር። በዚያ አስተሳሰብ ዓለም የነገሮች ክምችት ሳትሆን የሂደቶች መረብ ናት፤ እግዚአብሔርም ፍጥረትን የሚያስገድድ ሳይሆን የሚያግባባ ነው። ይህ ስለ መከራ ለሚነሣው ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል። ፖልኪንግሆርን ግን እንዲህ ያለው አምላክ በዓለም ውስጥ የሚሠራው ሥራ እጅግ ያንሳል ብሎ ተከራከረ። እኔም ሳነበው፣ ባርቦር ለሌሎች ሞዴሎች ያሳየውን ጥርጣሬ ለዋይትሄድ በመጠኑ ቀነስ ያደረገለት ይመስለኛል። ለፍትሐዊነቱ ያህል ግን፣ የራሱን ቦታ ደብቆ ካርታ ከሚሸጥ ሰው፣ «እኔ የቆምኩት እዚህ ነው» ብሎ የሚያሳይ ይሻላል።

የተረሳው ግማሽ

ስለ ባርቦር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አራቱን መንገዶች ዘርዝረው ያበቃሉ። የሥራው ግማሽ በዚህ ይቀራል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ኃይል ምንጭና ስለ ቴክኖሎጂ በተከታታይ ጽፏል። በካርልተን የሳይንስን፣ የቴክኖሎጂንና የማኅበረሰብን ግንኙነት የሚያጠና ትምህርት አስተምሯል። የአበርዲኑ ሁለተኛ ዙር ንግግሩ በ1993 «ሥነ ምግባር በቴክኖሎጂ ዘመን» ተብሎ ወጣ። ስለ ግብርና፣ ስለ ኃይልና ስለ ኮምፒውተር እየተነተነ በየምዕራፉ የሚመለስባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ጥቅሙ ለማን ነው? ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? ውሳኔው ላይ የተገኘው ማን ነው? ለሚመጣው ትውልድ ምን ይተርፋል?

ጦርነቱን በደን ቃጠሎና በሆስፒታል ያሳለፈው ወጣት እዚህ ላይ ተመልሶ ይታያል። ስለ ፍጥረት አጀማመር የሚደረገው ክርክር ለባርቦር አእምሮን የሚፈትን ቁም ነገር ነበር፤ ስለ ፍጥረት አያያዝ ያለው ግን ሕሊናን የሚፈትን ነበር። ሳይንስ ብቻውን የማይመልሰው፣ ሃይማኖትም ሳይንስ ሳያውቅ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ይህ ነው። የወንዝን ውኃ እንዴት እንካፈል፣ የትኛውን ዘር እንዝራ፣ ኮምፒውተር ስለ ሰው ምን ያህል ይወስን ለሚሉት ጥያቄዎች ሁለቱም ዕውቀት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለበት።

በ1999 የቴምፕልተን ሽልማት ተሰጠው፤ ገንዘቡ 1.24 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ 1 ሚሊዮኑን በካሊፎርኒያ በርክሊ ለሚገኘው የነገረ መለኮትና የተፈጥሮ ሳይንስ ማዕከል ሰጠ። ማዕከሉን በ1981 የመሠረተው ሮበርት ራስል ቀደም ሲል በዚያው በካርልተን ኮሌጅ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ባርቦር ታኅሣሥ 24 ቀን 2013፣ በገና ዋዜማ፣ በ90 ዓመቱ በሚኒያፖሊስ አረፈ።

ወደ እራት ጠረጴዛው ልመለስ። ባርቦርን ያነበበ ወላጅ ለልጁ የተዘጋጀ መልስ አያገኝም። «የቱ ነው እውነቱ?» ሲባል ግን ሊል የሚችለው ነገር አለ፦ «መምህርህ የመለሰው ምን ለሚል ጥያቄ ነው? ቄሱስ የመለሱት ምን ለሚል ጥያቄ ነው? መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ንገረኝ።» ልጁ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ለመናገር ሁለቱንም ትምህርት በደንብ መስማት አለበት። ያን ምሽት መልስ ላይገኝ ይችላል፤ ባርቦርም ለአንድ ዓመት ብሎ ሄዶ ነው ሁለት ዓመት የቆየው።